«እግዚአብሔር ጠርቶኛል» ብዬ ልጀምር?
የአንባቢያን ጥያቄ፣ የሲስተር መልስ

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ሁለተኛ ደረጃን ዘንድሮ እጨርሳለሁ። በአንድ ክርስቲያናዊ ዩኒቨርሲቲ ነርሲንግ በዲግሪ ለመማር ላመለክት ነው። ሙያውን ለምን እንደመረጥኩ የሚያስረዳ የ500 ቃል ጽሑፍና ከቤተ ክርስቲያን የድጋፍ ደብዳቤ ጠይቀውኛል። ጽሑፉን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴ ቀደድኩት። «እግዚአብሔር ለነርስነት ጠርቶኛል» እላለሁ፤ ከዚያ ሁለተኛው መስመር ይጠፋብኛል። ደግሞ እኔ ያደግሁበት ቤተ ክርስቲያንና ዩኒቨርሲቲው የቆመበት ቤተ እምነት የተለያዩ ናቸው። ደብዳቤውን ማን ይጻፍልኝ? በባዮሎጂ ጎበዝ ነኝ፤ ኬሚስትሪ ግን እሺ አይለኝም። እርስዎ ምን ይመክሩኛል?
ሁለተኛው መስመር የጠፋባት

መልስ፦ ልጄ፣ መስመሩ የጠፋብሽ ጥሪ ስለሌለሽ አይመስለኝም። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሁሉንም ተናግሮ ስለጨረሰ ነው። አመልካቾችን ከሚመርጡት መምህራን አንዷ ሆኜ ጥቂት ዓመታት ሠርቻለሁ። ከፊታችን ከሚከመረው ወረቀት አብዛኛው የሚጀምረው ልክ እንዳንቺው ነበር። ማንም አይጠራጠራችሁም፤ ግን አሥረኛው ላይ ስንደርስ ዓይናችን ቃሉን ዘሎ ማለፍ ይጀምራል። ምን ብለን እንጠይቃችሁ?

እጅሽ ከሠራው ነገር ጀምሪ። አንዲት አመልካች ግማሽ አካላቸው የማይታዘዝላቸውን አያቷን ስለማልበስ ጽፋ ነበር። ሹራቡን ሲያለብሷቸው የደከመው ክንድ ቀድሞ መግባት እንዳለበት፣ ሲያወልቁላቸው ደግሞ መጨረሻ ላይ መውጣት እንዳለበት ብዙ ጊዜ አሳምማቸው ነው የገባት። እኛ ይህን ክፍል ውስጥ የምናስተምረው ነው፤ እሷ ከአያቷ ክንድ ተማረችው። «ጥሪ» የሚለው ቃል ብቅ ያለው የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ነበር፤ እዚያ ሲደርስ አመንናት። አንቺም የታመመ ሰው አጠገብ ያደርሽበት ሌሊት ወይም ውኃ ያቀበልሽው ሰው አይጠፋሽም። ቀኑን፣ ያየሽውን፣ ያጠፋሽውንም ሳይቀር ጻፊው። ያላደረግሽውን ግን አትጨምሪ፤ ቃለ መጠይቁ ላይ ያንኑ ነጥለው ነው የሚጠይቁሽ።

ስለ ቃለ መጠይቅ ካነሳሁ የራሴን ልናዘዝ። አመልካች ሳለሁ አንዲት መምህርት «በሽተኛሽ አትጸልዪልኝ ቢልሽ ምን ታደርጊያለሽ?» አለችኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ «በፍቅር አግባባዋለሁ» አልኩ። ትንሽ ዝም ብላ «ሕመሙስ? ማስታገሻው ሰዓቱ ደርሷል እኮ» አለችኝ። በዚያ ዓመት አልተቀበሉኝም። ተናድጄ ነበር፤ ዛሬ እኔም የምጠይቀው ያንኑ ጥያቄ ነው። ዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1953 ያወጣውና እየታደሰ እስካሁን የሚሠራበት የሥነ ምግባር ደንብ ነርስ የበሽተኛውን እምነትና ልማድ እንድታከብር ያዛል። ክርስቲያናዊ ትምህርት ቤትም ከዚህ ውጭ አይደለም። በሽተኛው ጸልዪልኝ ካለሽ ትጸልያለሽ፤ ካላለሽ ትራሱን አስተካክለሽ መድኃኒቱን በሰዓቱ ትሰጪያለሽ።

የቤተ እምነቱ ልዩነት ብዙም አያስጨንቅሽ። የዘመናዊ ነርሲንግ መሥራች የምትባለው ፍሎረንስ ናይቲንጌል የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን አባል ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1851 ግን ጀርመን ሄዳ፣ ፓስተር ፍሊድነር በ1836 ካይዘርስቨርት ላይ ባቋቋሙት የፕሮቴስታንት ዲያቆናውያት (በሽተኞችን የሚያስታምሙ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሴቶች) ቤት ሦስት ወር ያህል ተማረች። በ1853 ደግሞ ፓሪስ ከካቶሊክ ሴት መነኮሳት ዘንድ ለመማር ገባች። ከማንም ተማረች፤ እምነቷን ማንም አልወሰደባትም።

ማንበብ ያለብሽ ግን አለ። ዩኒቨርሲቲዎቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዱ ተማሪውን ሁሉ የእምነት መግለጫ ያስፈርማል። ሌላው የማንኛውንም እምነት ተከታይ ይቀበልና የሥነ ምግባር ደንቡን እንድታከብሪ፣ በየሳምንቱ በጸሎት ፕሮግራም እንድትገኚ ብቻ ይጠይቃል። ቅዳሜን ሰንበት አድርጎ የሚያከብር ካለም የክሊኒካል ልምምድ ሺፍቱ በዚያ መሠረት ይደለደላል። የማታምኚበትን መግለጫ ለመግባት ብለሽ አትፈርሚ። ደውለሽ «የሌላ ቤተ ክርስቲያን አባል ነኝ፤ ምን ይጠበቅብኛል?» ብትያቸው ነውር የለውም፤ በየዓመቱ የሚጠየቁት ጥያቄ ነው።

ደብዳቤውን የሚያውቅሽ ሰው ይጻፍልሽ። የንስሐ አባትሽም ይሁኑ መጋቢሽ፣ ስምሽን ሲሰሙ ፊትሽ ትዝ የሚላቸው ይሁኑ። ትልቅ ማዕረግ ያላቸው፣ አንቺን ግን ከሩቅ የሚያውቁ አባት «ታማኝና ትሑት ናት» ብለው ይጨርሱታል። ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብለሽ ጠይቂያቸው፤ ያገለገልሽበትን ክፍልና የሠራሽውን በግማሽ ገጽ ጽፈሽ ስጫቸው። ሰው ይረሳል።

አሁን ወደ ኬሚስትሪ። ተቋሙ መንፈሳዊ ስለሆነ ሳይንሱ ይላላል ብለሽ ከሆነ ከወዲሁ ተፀፀቺ። አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ የትም ብትሄጂ ይጠብቁሻል። ኬሚስትሪውን ለምን እንደምትማሪው ካላወቅሽ ይሰለችሻል፤ ስለዚህ ከበሽተኛው አልጋ ጀምሪ። በደም ሥር የሚሰጠው 0.9 በመቶ የጨው ውኃ በአንድ ሊትር ውስጥ 9 ግራም ጨው አለው ማለት ነው። ከዚህ በላይ ሲጠነክር ውኃውን ከሴሎቹ ይስባል፤ ሲቀጥን ደግሞ ሴሎቹ ያብጣሉ። የጤነኛ ሰው ደም ፖታሲየም በሊትር ከ3.5 እስከ 5 ሚሊሞል (የሞል አንድ ሺኛ፤ ሞል በኬሚስትሪ የንጥረ ነገር መጠን መለኪያ ነው) አካባቢ ነው። ከዚህ ብዙ ከራቀ የልብ ምት ይዛባል፤ ያልተበረዘ ፖታሲየም በቀጥታ ደም ሥር ውስጥ መውጋት ልብ ያቆማል። ሞል ምን እንደሆነ ያልገባው ተማሪ ይህን ቁጥር አንብቦ ዝም ብሎ ያልፋል። እኔ የምፈራው ያንን ዝምታ ነው።

ሒሳቡንም ከአሁኑ ተለማመጂ። ሐኪሙ 1000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት ይግባ ብሏል፤ የያዝሽው ድሪፕ (ፈሳሹን በጠብታ የሚያወርደው ቱቦ) አንዱን ሚሊ ሊትር በ20 ጠብታ የሚያወርድ ነው። 1000 በ20 ሲባዛ 20,000 ጠብታ፤ 8 ሰዓት 480 ደቂቃ፤ ሲካፈል በደቂቃ ወደ 42 ጠብታ። የመድኃኒት ስሌት ፈተና ላይ 90 ወይም 100 በመቶ ካላመጣሽ ዋርድ (የሕሙማን ክፍል) የማያስገቡ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ትክክል ናቸው እላለሁ።

መጀመሪያ ልነግርሽ የሚገባኝን መጨረሻ ላይ አስታወስኩት። ፕሮግራሙ ዕውቅና እንዳለው፣ ተመራቂውም ለሙያ ፈቃድ ፈተና መቀመጥ እንደሚችል የነርሶችን ፈቃድ የሚሰጠውን አካል ራሱን ጠይቂ። የዩኒቨርሲቲው ብሮሹር ላይ ያለው ፎቶ ፈቃድ አይሆንሽም። ቅበላውም በአንድ በር ይሁን በሁለት አጣሪ፦ አንዳንዱ ጋ ዩኒቨርሲቲው ተቀበለሽ ማለት ነርሲንግ ክፍሉ ተቀበለሽ ማለት አይደለም። አንድ ወይም ሁለት ዓመት ከተማርሽ በኋላ በውጤትሽ እንደገና ትወዳደሪያለሽ። ያን ጊዜ ያ ኬሚስትሪ ይቆጠራል።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ልጄ ነርሲንግ ተቀብለዋታል፤ ተመስገን። ትምህርት ሊጀመር ሁለት ወር ቀርቶታል። የክትባትና የምርመራ ማስረጃ አምጪ ብለዋታል። መቼ ብትጀምር ይሻላል?
አባት

መልስ፦ ዛሬ። ልጅዎ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ወስዳ የማታውቅ ከሆነ የተለመደው አሰጣጥ ሦስት ዙር ነው፦ ሁለተኛው ከአንድ ወር፣ ሦስተኛው ከመጀመሪያው ስድስት ወር በኋላ። ስለዚህ በሁለት ወር አያልቅም። ሁለቱን ዙር ወስዳ ማስረጃውን ትያዝና ሦስተኛውን እየተማረች መጨረስ ትችል እንደሆነ ትምህርት ቤቱን ትጠይቅ፤ ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ። ከመጨረሻው ዙር አንድ ወይም ሁለት ወር ቆይታ ክትባቱ መያዙን በደም ምርመራ ታረጋግጥ።

የቲቢ ምርመራው በቆዳ የሚሰጠው ከሆነ ውጤቱ የሚነበበው ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ዓርብ ተወግታ ሰኞ ጠዋት የምታነብላት ነርስ ዘግይታ ብትገባስ? ሰኞ ወይም ማክሰኞ ብትወጋ ይሻላል። የኩፍኝ ክትባትም የሚያስፈልጋት ከሆነ ሁለቱን በአንድ ቀን ታድርግ። ክትባቱ ከቀደመ ግን የቆዳ ምርመራውን አራት ሳምንት ማቆየት አለባት፤ አለበለዚያ ውጤቱን ሊያሳስተው ይችላል።

የዋርድ ጫማዋንም አሁኑኑ ትግዛና ቤት ውስጥ እየተራመደች ታላምደው። የመጀመሪያ ቀን አዲስ ጫማ አድርገው የመጡ ተማሪዎቼን ከሰዓት በኋላ በአረማመዳቸው እለያቸው ነበር።