ሸክላውን ማን ሠራው? የአንባብያን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ አያቴ ከድሬዳዋ ወጣ ባለ ገጠር ሸክላ ሲሠሩ ኖረው ከስድስት ዓመት በፊት አረፉ። ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ጀበናና እንስራ ቀርቷል። ሌላው በከፊራ ገበያ እየተሸጠ በየሰው ቤት ተበትኗል። አሁን ሥራቸውን በስማቸው ለዐውደ ርእይ እንድናቀርብ ተጠይቀናል፤ ግን አንዱም ላይ ስም የለም። የእሳቸው መሆኑን በምን እንለይ? ለዐውደ ርእዩስ እንጠባቸው? (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ከመጨረሻው እንጀምር፤ አይጠቧቸው። መቀመጫው ላይ ያለው ጥላሸትና እንስራው ውስጥ የደረቀው ዝቃጭ ዕቃው ምን ሲሠራ እንደኖረ ይመሰክራሉ። በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ አቧራውን ማራገፍ ይበቃል።

ስም አለመኖሩ አይግረምዎ። ገበያ የሚወጣ እንስራ ላይ ስሟን የምትጽፍ ሸክላ ሠሪ የለችም። በብዙ የአገራችን አካባቢም ባለሙያዎቹን «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እያሉ ሲያገሏቸው ስለኖሩ፣ ገዢው ዕቃውን እንጂ ሠሪዋን አይጠይቅም ነበር። የናይጄሪያዋ ላዲ ኳሊም ለውጭው ዓለም የታወቀችው በዕቃዋ ቀዳሚነት ነው። እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ ማይክል ካርዲው እ.ኤ.አ. በ1950 በአቡጃ (በዛሬዋ ሱሌጃ) ኤሚር ቤት ማሰሮዎቿን አየ፤ እሷ ራሷ እሱ ወዳቋቋመው ማሠልጠኛ የገባችው በ1954 ነው። ዛሬ ምስሏ በ20 ናይራ ኖት ጀርባ ላይ አለ።

የእርስዎም መንገድ ከዕቃው ወደ ሰው ነው። መጀመሪያ ጥርጥር የሌለባቸውን ሦስት ወይም አራት ዕቃዎች ይለዩ፦ ለማን ሠርግ እንደተሠራ የሚታወቅ፣ አያትዎ በእጃቸው ለጎረቤት የሰጡት፣ ፎቶ ላይ አብረው የሚታዩት። ሌላው ሁሉ ከእነዚህ ጋር ይመዘናል።

የጀበናው ቅርጽ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ የአንድ ሠፈር ሴቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ጀበና ይሠራሉ። ማየት ያለብዎ ለገዢ የማይታየውን ቦታ ነው። እጅዎን በእንስራው አፍ አስገብተው የሆዱን ውስጥ ይዳስሱ፦ ጣት የጎተተው መስመር ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ጎን? ጭቃው የተጋጠመበት እብጠት ስንት ጣት ይራራቃል? ጆሮው ሆዱን በስቶ ነው የገባው ወይስ ከላይ ተለጥፎ? ከጆሮው ሥር ጭቃው በአውራ ጣት ተጠፍጥፏል ወይስ በውኃ ተለስልሷል? አንዲት ሴት ጌጡን እንደ ገዢው ፍላጎት ልትቀያይረው ትችላለች፤ ጆሮ የምትለጥፍበትን እጅ ግን አርባ ዓመት ሙሉ አትቀይርም።

ክፍሉን አጨልመው የስልክዎን መብራት ከጎን ዝቅ አድርገው ያብሩ። ማለስለሻ ድንጋዩ የተወው ጭረት ይወጣል። ድንጋዩ ራሱ ቤት ውስጥ ካለ ከማንኛውም ዕቃ አስበልጠው ያስቀምጡት፤ የተበላው ጎኑ ስፋት ከጭረቱ ስፋት ጋር ከገጠመ ጥሩ ማስረጃ ነው። ከዚያ የተሻለው ደግሞ አያትዎ ሸክላ ይተኩሱበት የነበረው ቦታ ነው። እሳት ላይ የፈነዳ ዕቃ ገበያ አይወጣም፤ ገሉ እዚያው ይቀራል። ሳይጠርጉት በፊት ፎቶ ያንሱ፣ የአፍና የጆሮ ስብርባሪ ለቅመው የቦታውን ስም ጽፈው በከረጢት ያስቀምጡ።

ለእያንዳንዱ ዕቃ ስድስት ፎቶ ያንሱ፦ አራቱን ጎን፣ አፉን ከላይ፣ መቀመጫውን ከሥር፣ ማስመሪያ አጠገቡ አድርገው። ቁመቱን፣ የአፉንና የሆዱን ስፋት፣ የከንፈሩን ውፍረት በሚሊ ሜትር ይመዝግቡ። የዕቃውን መለያ ቁጥር በወረቀት ጽፈው በጥጥ ክር ጆሮው ላይ ይሰሩት፤ በማርከር ወይም በፕላስተር አይሞክሩ፣ ፕላስተሩ ሲነሳ የላዩን ልስላሴ ይዞ ይነሳል።

ሰዎችን ሲጠይቁ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ጀበናውን ይዞ ሄዶ «ይሄ የእማማ ነው አይደል?» ማለት አዎንታን መለመን ነው። ስድስት ዕቃ ደርድሩ፤ ሁለቱ የሌላ ሸክላ ሠሪ ይሁኑ። ከዚያ የቀድሞ ደንበኛዋን ወይም አብራ ትሠራ የነበረችውን «በሠሪያቸው ለይተሽ አስቀምጪልኝ» በሏት፣ ምክንያቷንም በስልክ ቅረጹ። ሦስት ሰዎች ሳይመካከሩ አንድ ዓይነት ከለዩ ይቀበሉት።

በመጨረሻ ሦስት መደብ ያውጡ፦ «የእሳቸው»፣ «የእሳቸው ሳይሆን አይቀርም»፣ «ከቤታቸው የወጣ»። ሦስተኛው የግድ ነው። እናትና ልጅ፣ እህትማማች አንድ ጭቃ እየረገጡ ሲሠሩ አንዷ ሆዱን ታወጣለች፣ ሌላዋ ታለሰልሳለች። ሁሉንም በአንድ ስም ማስቀመጥ ሌላዋን ሴት ዳግም መርሳት ነው።

ጥያቄ፦ ከእናቴ የወረስኩትን በስፌት ክዳን የሚሸፈን ጥቁር አፍላላ (የሸክላ ዕቃ) በበረኪናና በኦሞ አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። በሳምንቱ ነጭ ዱቄት አወጣ፤ በአንድ ቦታም ክብ ጉድጓድ ተፈልቅቋል። ምን ላድርግ? (ከጁገል፣ ሐረር)

መልስ፦ ሁለት የተለያየ ጉዳት ሊሆን ይችላል። ዱቄቱን በላባ ወደ ወረቀት ይጥረጉና ለሁለት ይክፈሉት። አንዱን ውኃ ጠብታ ላይ ይጣሉ፤ ከሟሟ ጨው ነው። ሌላው ላይ ኮምጣጤ ያንጠባጥቡ፤ ውኃው ላይ ሳይሟሟ ቀርቶ ኮምጣጤው ላይ ከፈላ ኖራ ነው። ኮምጣጤው ወረቀቱ ላይ እንጂ ዕቃው ላይ እንዳይነካ።

ጨው ከሆነ ያመጣው በረኪናውና ኦሞው ነው። በኩበትና በእንጨት የተተኮሰ ሸክላ ውኃ ይመጥጣል፤ ጨው ያለበት ውኃ ፀሐይ ላይ ቶሎ ሲደርቅ ጨው ከቆዳው ሥር ይጠጥርና ቆዳውን ገፍቶ ያነሳዋል። ላዩ እየተላጠ ከሆነ ውኃ አያስነኩት፤ ደረቅ ጥላ ውስጥ ይተዉት። ጠንካራ ከሆነ መቀመጫውን በእርጥብ ጥጥ ይፈትኑ። ቀለም ካልለቀቀ በተጣራ ውኃ ይዘፍዝፉት፣ ውኃውን በየቀኑ ይቀይሩ። የባትሪ ውኃ የሚሸጡ ሱቆች ጋ ይገኛል፤ ግን አሲዱን እንዳይሰጡዎ ደግመው ይጠይቁ። የውኃ ንጽሕና መለኪያ ካገኙ ቁጥሩ በሁለት ተከታታይ ቀን ሳይጨምር ሲቀር ያውጡት። ውኃው ከደፈረሰ ግን ወዲያው ያውጡት። ማድረቁ በጥላ፣ ቢያንስ አንድ ሳምንት።

ክቡ ጉድጓድ መሐል ነጭ ጠጠር ካለ ጥፋቱ የማጠቢያው አይደለም። በዚህ አካባቢ ኖራ ድንጋይ ስለሚበዛ ጭቃው ውስጥ የቀረ ጠጠር እሳት ላይ ወደ ኖራነት ይለወጣል፤ እርጥበት ሲያገኝ ያብጥና ላዩን ያፈናቅላል። መሙላት አያስፈልገውም።

ጥያቄ፦ የአያታችንን ስም ማሰሮዎቹ ሥር በሚስማር ብንቀርጽስ? (ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ አይሆንም። እርጥብ ጭቃ ላይ የተጻፈ መስመር ጠርዙ ወደ ላይ ያብጣል፤ ተተኩሶ ካበቃ በኋላ በሚስማር የተጫረው ዱቄታማና የተሰባበረ ነው። የለመደ ዓይን ልዩነቱን ባንዴ ያውቀዋል፣ ከዚያ በኋላ እውነተኛዎቹንም ይጠራጠራል። ስሙን በወረቀት፣ በእርሳስ፤ ወረቀቱንም በክር።