መልስ፦ ሁለተኛ ዓመቶቹ መሪነት ከሸሹ

ወንድሜ፣ 5 ኪሎ ካምፓስ ፌሎ (የክርስቲያን ተማሪዎች ኅብረት) ላይ ሁለተኛ ዓመቶቹን ምሩ ስትላቸው «ገና ነን» እያሉ ይሸሻሉ ያልከው እኛም 4 ኪሎ እያለን ያው ነበር፣ እኔን ራሱ ያስፈራኝ «መሪ» የሚለው ስም እንጂ ስራው አልነበረም። ስለዚህ ስሙን ተወውና ሦስት ፍሬሾች (አዲስ ገቢዎች) ሰብስበህ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናቱን ከሁለተኛ ዓመቶቹ አንድ ልጅ ይምራው፣ አንተ አጠገቡ ቁጭ በል ግን አፍህን ያዝ (ከባዱ እሱ ነው ባክህ)፣ ቢሳሳት ሰው ፊት አታርመው፣ በኋላ ማኪያቶ እየጠጣችሁ አውሩት። ጂሲዎቹ (የዘንድሮ ተመራቂዎቹ) ደሞ እስኪመረቁ ሁሉንም ነገር ከያዙት ማን ይለምዳል? ኢቫሱ (የወንጌላውያን ተማሪዎች ማኅበሩ) የመሪዎች ስልጠና ሲኖረው እነሱን ሳይሆን ሁለተኛ ዓመቶቹን ላኩ። ሚድ ፈተና ሲደርስ ግን ስብሰባ ቀንሱላቸው፣ ውጤት ከወረደ ቤተሰብ ነው ፌሎ የሚያስቀራቸው።