የሜሪላንድ ሆስፒታል ለምን ደጋግሞ ይደውላል? ቢሉስ ለምን ይለያያል?

እህቴ፣ የጠየቅሽው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ እናትሽ በልብ ድካም ተኝተው ከወጡ ወዲህ የሆስፒታሉ ነርስ ደጋግማ ትደውላለች፤ ሚዛን ሁሉ ልከውላቸዋል። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ያለችው እህትሽ ደግሞ «እኛ ጋ እንዲህ የሚባል ነገር የለም፣ ማጭበርበር ይሆናል» ብላሻለች። ሁለተኛ፣ አንቺ በዚያው ሆስፒታል በፌብሩዋሪና በሜይ ያደረግሽው አንድ ዓይነት ምርመራ ዋጋው ለየቅል ሆኖ መጣ።

እኔ ሜሪላንድ ውስጥ በሆስፒታል ቢሊንግ ክፍል ሠርቻለሁ። በኋላም ታካሚዎችን ከወጡ በኋላ የሚከታተለው ክፍል ውስጥ ነበርኩ። የሁለቱም ጥያቄሽ ሥር አንድ ነው። የሜሪላንድ ሆስፒታል ገንዘብ የሚያገኝበት መንገድ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ፣ ቨርጂኒያ ካለው የተለየ ነው።

ቨርጂኒያ ውስጥ የሆስፒታል ዋጋ በድርድር ነው። ሆስፒታሉ ከእያንዳንዱ ኢንሹራንስ ጋር ለብቻው ይዋዋላል። ሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት ኢንሹራንስ) እና ሜዲኬድ (ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሆነው) የራሳቸውን ተመን ይከፍላሉ፤ የግል ኢንሹራንስ ከሁሉም በላይ ይከፍላል። ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም በ2022 የነበረውን አገር አቀፍ ክፍያ ሲያጠና፣ የግል ኢንሹራንሶች ለሆስፒታል የከፈሉት ሜዲኬር ይከፍል ከነበረው 254 በመቶ ሆኖ አግኝቶታል። ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ማለት ነው።

ሜሪላንድ ውስጥ ይህ ድርድር የለም። ስቴቱ በ1971 አንድ ኮሚሽን አቋቋመ። በምህጻሩ ኤች ኤስ ሲ አር ሲ ይሉታል። የየሆስፒታሉን ዋጋ የሚተምነው እሱ ነው። ከ1977 ጀምሮ ደግሞ ሜዲኬርና ሜዲኬድም በዚሁ ተመን እንዲከፍሉ ፌዴራል መንግሥቱ ተስማማ። ስለዚህ በአንድ ሆስፒታል ውስጥ የሜዲኬድ ታካሚም፣ በሥራ ቦታው ጥሩ ኢንሹራንስ ያለውም፣ ጭራሽ ኢንሹራንስ የሌለውም የሚጠየቁት ዋጋ በመሠረቱ አንድ ነው። ለሜዲኬርና ለሜዲኬድ ትንሽ ቅናሽ አለ፤ እሱን እንለፈው። ኒው ዮርክ፣ ኒው ጀርሲና ማሳቹሴትስም በአንድ ወቅት ዋጋ ይተምኑ ነበር። ቆይተው ተዉት። ለኛ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሜዲኬድ ካርድ ይዞ የመጣ ሰው እዚህ ለሆስፒታሉ ኪሳራ ሆኖ አይታይም።

ዋጋውን መተመን ብቻውን ግን አልበቃም። ዋጋው ተወሰነ እንጂ ብዛቱ አልተወሰነም ነበር። ብዙ ሰው ያስተኛ ብዙ ያገኛል። ከፌዴራሉ ጋር የነበረው ውልም የሚለካው ተኝቶ ለታከመ ለአንድ ሰው በሚወጣው ወጪ ነበር። ቀላል ቀላሉ ሕክምና ወደ ተመላላሽ ሲሄድ የሚተኛው ከባዱ ብቻ ሆነ። መለኪያው ወደ ላይ ወጣ፤ ውሉም ሊፈርስ ጫፍ ደረሰ። በ2014 አዲስ ውል ተገባ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ሆስፒታል ከጁላይ እስከ ጁን በጠቅላላ ስንት እንደሚያስገባ አስቀድሞ ይነገረዋል። ለዋጋ ንረትና ለአካባቢው ሕዝብ ብዛት ማስተካከያ ይደረግለታል። ከዚያ በተረፈ፣ ሰው ስለበዛ ገንዘቡ አይበዛም።

በትሪፕ የሚከፈለውን የታክሲ ሹፌርና የወር ደመወዝተኛውን ሹፌር አስቢ። የመጀመሪያው ኤርፖርት ተሰልፎ ሰው ይጠብቃል። ሁለተኛው ስልኩ ባይጠራ ደስታው ነው።

እናትሽ በዚህ ወር ተመልሰው ቢተኙ ሆስፒታሉ ወጪ እንጂ አዲስ ገቢ የለውም። በ30 ቀን ውስጥ ተመልሶ የሚተኛ ታካሚ ከበዛበት ደግሞ ኮሚሽኑ ከገቢው ይቀንስበታል። ነርሷ የምትደውለው ለዚህ ነው። መልካም ሰው ልትሆን ትችላለች፤ ደመወዟ የተገኘው ግን ከዚህ ስሌት ነው። እኔ በሠራሁበት ክፍል ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የምናየው የስም ዝርዝር ነበር። ትናንት ማን ወጣ? ማን ሌላ ሆስፒታል ኢመርጀንሲ ገባ? ክሪስፕ የሚባል የስቴቱ የመረጃ መረብ አለ፤ ታካሚሽ ባልቲሞር ሄዶ ቢታይ እንኳ መልእክት ይመጣልሻል። የልብ ድካም ያለባቸው ዝርዝሩ አናት ላይ ነበሩ።

ሚዛኑ ቀልድ አይደለም። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ክብደታቸው በድንገት ከጨመረ ሰውነታቸው ውሃ እየያዘ ነው ማለት ነው። በጊዜ ከተደወለ ሐኪሙ የውሃውን ክኒን ያስተካክላል። ካለፈ ኢመርጀንሲ ነው። ጠዋት ሽንት ቤት ደርሰው፣ ቁርስ ሳይበሉ ይመዘኑ። ቁጥሩን ጻፊው።

አንድ ነገር ግን ከአንቺ ይጠበቃል። ፈረንጇ ነርስ «የታሸገ ሾርባ ይተዉ» ትላለች። የኛ እናቶች የታሸገ ሾርባ መች ይበላሉ? ጨው ያለው ሽሮውና በርበሬው ውስጥ ነው፣ ሲዘጋጅ ጀምሮ። ይህን ካልነገርሻት አታውቀውም። ጾምም አለ። የጠዋቱን ክኒን «ቅዳሴ ሳይወጣ አልውጥም» ብለው የሚያሳልፉ እናቶች አጋጥመውኛል። ደብቀው ነው የሚያደርጉት። ሰዓቱን ሐኪሙ ራሱ ያስተካክለው፤ ብዙ ጊዜ መፍትሔ አይጠፋም።

የእህትሽ ጥርጣሬ ግን ከንቱ አይደለም። በሆስፒታል ስም የሚደውል ሌባ ሞልቷል። ሲወጡ በተሰጣችሁ ወረቀት ላይ ባለው ስልክ መልሰሽ ደውይና ነርሷ እዚያ መሥራቷን ጠይቂ። የባንክ ቁጥር የሚጠይቅ ከሆነ ዝጊው።

ወደ ቢሉ ልምጣ። ሆስፒታሉ ያን የተነገረውን የዓመት ገንዘብ የሚሰበስበው ያው በቢል ነው፤ ቼክ ተጽፎ አይላክለትም። እና ዓመቱ እየገፋ ሲሄድ ሰው ካነሰ፣ በጀቱ ጋ ለመድረስ የእያንዳንዱን አገልግሎት ዋጋ ከፍ ያደርጋል። ሰው ከበዛ ዝቅ ያደርጋል። ከተተመነው ዋጋ እስከ 5 በመቶ ድረስ በራሱ፣ እስከ 10 በመቶ ደግሞ በኮሚሽኑ ፈቃድ። ዓመቱ የሚዘጋው ጁን 30 ስለሆነ፣ ሜይና ጁን ላይ ቁጥሮቹ መነቃነቃቸው የታወቀ ነው። ቢሊንግ ሳለሁ ለሰው ማስረዳት ያቃተኝ ነገር ቢኖር ይኼ ነው። «ሰው ስላነሰ ዋጋ ጨመርን» የሚባል ነገር የትኛው ገበያ ላይ አለ?

ልዩነቱ ከዚያ በጣም ከሰፋ ግን ሰበቡ ሌላ ነው። ዝርዝር ቢል ጠይቂ። ምርመራው በስም አንድ ሆኖ በኮድ ሊለያይ ይችላል። ወይም ዋጋው ሳይሆን የአንቺ ድርሻ ነው የተለወጠው፤ ዲዳክቲብልሽ (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስሽ የምትከፍዪው) በመሃል ሞልቶ ሊሆን ይችላል። ለወደፊቱ ደግሞ ተራ የደም ምርመራ ወይም ኤምአርአይ ሲታዘዝልሽ ከሆስፒታል ውጭ ያለ ቦታ ይቻል እንደሆነ ሐኪምሽን ጠይቂ። ኮሚሽኑ እነሱን አይተምንም፤ ብዙ ጊዜ ግን ይረክሳሉ።

ሐኪሞቹንም ኮሚሽኑ አይተምንም። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ሆስፒታል ተኝተሽ ሐኪሙ ለብቻው ቢል ይልክልሻል፤ እሱ ከኢንሹራንስሽ ጋር በተዋዋለው ነው የሚሄደው።

አሠራሩን እወደዋለሁ፤ ግን እንከን የለበትም አልልም። በ2014ቱ ውል ሜሪላንድ ለሜዲኬር በ5 ዓመት 330 ሚሊዮን ዶላር አድናለሁ ብላ ቃል ገብታ ከዚያ እጅግ የበለጠ አዳነች። የኢመርጀንሲ ወረፋ ግን በአገሪቱ ረጅም ከሚባሉት ነው። በጀቱ ብቻ ያመጣው አይደለም፤ የነርስ እጥረት አለ፣ የአእምሮ ሕሙማን የሚያርፉበት ቦታ እጥረት አለ። ግን ተጨማሪ ሰው ተጨማሪ ገንዘብ ካላመጣ፣ ተጨማሪ አልጋ ለመዘርጋት ማን ይቸኩላል? ደመወዝተኛው ሹፌር ጋ ያለው ችግር እዚህም አለ። ለቀላል ነገር ኧርጀንት ኬር (ያለ ቀጠሮ የሚያክም ክሊኒክ) ሂዱ። የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ከሆነ ግን 911 ደውሉ፤ ወረፋ ብላችሁ አትቅሩ።

በ2019 ውሉ ሰፍቶ ከሆስፒታል ውጭ ያለውንም የሜዲኬር ወጪ መቁጠር ጀመረ፤ የቤተሰብ ሐኪሞችም ለክትትል የሚከፈላቸው ሆነ። ከ2026 ጀምሮ ደግሞ አሄድ ወደሚባል ፌዴራል ፕሮግራም እየተሸጋገረ ነው። ሃዋይ፣ ኮኔክቲከትና ሮድ አይላንድም ለዚሁ ተመርጠዋል። ለእናትሽ ስልክ ያን ያህል የሚለውጠው ነገር አይታየኝም።

ሳትጠይቂኝ አንድ ልጨምር፤ ቢሉ ከከበደሽ ዝም ብለሽ በክሬዲት ካርድ አትክፈዪ። በሜሪላንድ ሕግ የቤተሰብ ገቢው ከፌዴራል የድህነት መስመር 200 በመቶ ወይም ከዚያ በታች የሆነ ሰው አስፈላጊ የሆነውን የሆስፒታል ሕክምና በነፃ ያገኛል። በ2025 ለ4 ሰው ቤተሰብ መስመሩ 32,150 ዶላር ነበር፤ እጥፉ 64,300 ነው። ከዚያ በላይ እስከ 300 በመቶ ላለው ቅናሽ አለ። የመኖሪያ ወረቀት ጉዳይ መስፈርት አይደለም። በየወሩ እከፍላለሁ ካልሽም ክፍያው ከወር ገቢሽ 5 በመቶ እንዳይበልጥ ሕጉ ይገድባል። ቢሊንግ ክፍል ደውለሽ «ፋይናንሻል አሲስታንስ» (የክፍያ እርዳታ) በያቸው፤ ቅጹን መስጠት ግዴታቸው ነው። ሲጠየቁ እንጂ ሳይጠየቁ አጥብቀው የሚናገሩ ሠራተኞች ብዙ አላየሁም። አስተርጓሚም በነፃ ነው። ቅጹን አንቺ ሙዪላቸው፤ ሐኪሙ ስለ ልባቸው ሲያወራ ግን የሆስፒታሉን አስተርጓሚ አስጠሪ። እናቶች ልጅ ፊት «ደህና ነኝ» ማለት ይወዳሉ።