ሱቁን ወንድምሽ ራሱ ይጠብቅ

ውድ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ድሬዳዋ ሳቢያን በሚገኝ ክሊኒክ በላቦራቶሪ ባለሙያነት ሁለት ዓመት ሠርተሻል። የእናትሽ ዓይን በስኳር በሽታ እየደከመ ነው። ፒኢዲኤፍ (PEDF) ስለተባለው የዓይን ፕሮቲን ካነበብሽ ወዲህ ባዮኬሚስትሪ መማር ትመኛለሽ፤ ታላቅ ወንድምሽ ግን «ለፕሮቲን ደመወዝ የሚከፍል የለም» እያለ ታይዋን ገበያ ያለውን የልብስ ሱቁን እንድትይዢለት ይወተውትሻል።

ወንድምሽ ደመወዝ አልቆረጠልሽም። የእናትሽን መድኃኒት የሚገዛው ግን የአንቺ ደመወዝ ነው። ይህ የቤተሰብ ምክር ሳይሆን ነፃ ጉልበት ፍለጋ ነው፤ በአክብሮት እምቢ በዪው።

«ሕይወቴን ለአንድ ፕሮቲን ብሰጥ ሞኝነት ይሆን?» ብለሻል። አይደለም። ፒኢዲኤፍ በ1980ዎቹ መጨረሻ ከሬቲና (ብርሃን ከሚቀበለው የዓይን የውስጥ ሽፋን) ሥር ካለው ባለቀለም የሴሎች ንጣፍ የተገኘ ነው፤ የነርቭ ሴሎችን ከጉዳት ይጠብቃል። በ1999 ደግሞ አዳዲስ የደም ሥሮች እንዳይበቅሉ አጥብቆ እንደሚገታ ታወቀ (አቆጣጠሩ የአውሮፓውያን ነው)። ስኳር ሬቲናን ሲጎዳ ቪኢጂኤፍ የተባለው ፕሮቲን የሚያፈሱ ደካማ ሥሮችን ያበቅላል፤ ፒኢዲኤፍ ልጓሙ ነው። በ2011 የጂኑ ጉድለት አጥንትን የሚያሰብር የዘር በሽታ እንደሚያመጣ ተደረሰበት። ሆኖም ራሱ ፒኢዲኤፍ በገበያ ላይ የዋለ የዓይን መድኃኒት አልሆነም፤ ዛሬ ዓይን ውስጥ የሚወጋው ቪኢጂኤፍን የሚያግድ ነው።

ስለዚህ ፕሮቲኑን ውደጂው፤ እንጀራሽን ግን በመለካት ችሎታሽ ላይ አቁሚ። ሐረር በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ አደረ፤ ጠዋት ማቀዝቀዣውን ስከፍት በናሙና ውስጥ ያለን ፕሮቲን በቀለም የሚለካው የኤላይዛ ኪት ሞቋል። ይሞከር ተባለና ሠራነው። የመለኪያ ሳህኑ 96ቱም ጉድጓዶች፣ የሕመምተኛውም፣ ውጤቱ አስቀድሞ የሚታወቀው የማነጻጸሪያውም፣ አንድ ዓይነት የገረጣ ቢጫ ሆኑ። ማነጻጸሪያው ባይኖር ኖሮ ያንን ቁጥር ለሐኪም እንልከው ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር እጅ የለመደ ባለሙያ የትም ቢሄድ ሥራ አያጣም።

ሥራሽን ሳትለቂ አመልክቺ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ባዮኬሚስትሪ ትምህርት አለ፤ ከደንገጎ አቀበት ማዶ ሐረር ያለውን የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ኮሌጅም ጠይቂ። ለመመረቂያ ጽሑፍ የስኳር ሕሙማንን ፒኢዲኤፍ ለመለካት ካሰብሽ አንድ ነገር ልብ በዪ፦ በደም ውስጥ ከፍ ብሎ፣ በተጎዳ ዓይን ውስጥ ግን ዝቅ ብሎ ተለክቷል። የክንድ ደም ስለ ዓይን ይመሰክራል ብለሽ ከተነሣሽ ገና ከመጀመሪያው ትስቺያለሽ።

ዕድሜሽና እንግሊዝኛሽም አሳስበውሻል፤ በ27 ዓመት ለትምህርት አይረፍድም። እንግሊዝኛሽም በየቀኑ ስታነቢ ይሻሻላል።

እናትሽን ግን እስከ ምርቃትሽ አታስጠብቂያቸው። በዚህ ሳምንት ለሬቲና ምርመራ ውሰጂያቸው። ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ስለሚደረግላቸው ለጥቂት ሰዓታት ይደበዝዝባቸዋል፤ አብረሽ ሂጂ፣ ለድሬዳዋ ፀሐይም ጥላ ያዥላቸው።