ጋቢና የተቀመጠው ማን ነው?

ጥያቄ፦ «38 ዓመቴ ነው፤ የምንኖረው ጅማ ነው። የ5 ዓመት ሴትና የዓመት ከመንፈቅ ወንድ ልጅ አሉን። ስምንት ወር ለፍቼ አንድ ሃይሩፍ ሚኒባስ የሚታደርበት አደረግኩት። አልጋ፣ የጋዝ ምድጃ፣ 80 ሊትር የውኃ ታንክ አለው። ጥር ላይ ልጆቹንና ውሻችንን ቦቢን ይዘን ወንጪ ሄድን፤ አራት ሌሊት አደርን። ከተመለስን ወዲህ ባለቤቴ ለገበያ እንኳ በዚያ መኪና አልሄድም ብላለች። ውሻውንም አውጣልኝ ትላለች። ድሮ እንዲህ አልነበረችም። ድብርት ይዟት ይሆን? እንዴት ላሳምናት?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከላይ ያለው ለአንባቢ ያሳጠርነው ነው፤ ዋናው ደብዳቤዎ ስድስት ገጽ ነበር። የመጀመሪያዎቹ አራት ገጾች ስለ መኪናው ናቸው፤ እውነት ለመናገር የሚያስቀና ሥራ ሠርተዋል። የኋላ ወንበሮቹን ፈታሁ፣ ብረቱን በየድኩ፣ አልጋውን 1 ሜትር ከ30 አድርጌ ቆረጥኩ፣ የመብራቱን ባትሪ ከሞተሩ ባትሪ ለየሁ ይላሉ። እያንዳንዱ ግስ ባለቤት አለው፤ እርስዎ ነዎት።

ጉዞው ሲጀመር ግን አጻጻፍዎ ይለወጣል። «ጊቤ ቁልቁለት ላይ ልጅቷን አስመለሳት፤ ተጠራረገና ቀጠልን።» «ምሳ ተሠራ።» «ልጁ ሌሊት አራት አምስቴ ቢነቃም እየተባበለ ተኛ።» ማን ጠረገ? ማን ሠራ? ማን አባበለ? ዓረፍተ ነገሮቹ ባለቤት የላቸውም። የጠፋችው ባለቤት ደግሞ ባለቤትዎ ናቸው።

አምስተኛው ገጽ ላይ እንደ ዋዛ የጻፏት አንዲት መስመር አለች፦ «ቦቢ ኋላ ሲሆን ስለሚያስመልሰው ጋቢና አስቀመጥኩት።» ከጅማ ወደ ወንጪ እስከሚታጠፍበት ወሊሶ ድረስ ብቻ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያን ሁሉ መንገድ ውሻው ከእርስዎ ጎን መስኮት ይዞ ሲሄድ፣ ሚስትዎ ኋላ ባለው የጎን አግዳሚ ላይ አንዱን እያጠቡ ሌላዋን ደግፈው ተጉዘዋል። ይህን በክፋት አላደረጉትም፤ ለውሻው አዝነው ነው። ባለቤትዎ ግን ያዩት ማን እንደታዘነለት ነው።

መኪናውን ቤት አድርጌዋለሁ ይላሉ፤ እዚህ ላይ አልስማማም። ቤታችሁ ጅማ ላይ የሚያግዝ ሰው ሞልቶታል። ትልቋ ግቢ ወጥታ ትጫወታለች። ትንሹን እናትዎ ይይዙታል፤ አብረዋችሁ እንደሚኖሩ ጽፈዋል። ጎረቤት ለቡና ይጠራል። ባለቤትዎ በር ዘግተው ይሰግዳሉ፤ ውሻው በር ላይ ነው። ሥራው እነዚህ ሁሉ ላይ ተበትኖ ነው የሚቻለው። መኪናው ውስጥ ሥራው እንዳለ ተጫነ፤ አጋዦቹ ግን ጅማ ቀሩ። ለእርስዎ ዕረፍት የሆነው ጉዞ ለእሳቸው ያው ሥራ ነው፤ ያውም ያለ አያት፣ ያለ ጓሮ፣ ያለ በር።

ሹፌርነት ሥራ አይደለም አላልኩም። ግን ጀርባ መስጠት የሚፈቀድበት ሥራ ነው። ሹፌር «መንገዱን ልይበት» ቢል ማንም አይቀየመውም። ማታ ሲደርስም «ደክሞሃል፣ አረፍ በል» ይባላል። የጊቤን ጠመዝማዛ ልጅ ታቅፋ የወረደችውን «አይዞሽ» የሚላት የለም። ታንኩ አራት ሌሊት በቃን ብለው ኮርተዋል። 80 ሊትር ለአራት ቀን ማለት በቀን 20፣ ለአንድ ሰው 5 ሊትር ነው፤ እቃ፣ ትውከትና ውዱእ (ከሶላት በፊት ያለው መታጠብ) ተጨምሮበት። ውኃውን ያብቃቃው ታንኩ አይመስለኝም።

የውሻውም ነገር ከዚሁ ይመዘዛል። ቦቢ አራት ዓመት ግቢ ሲኖር ባለቤትዎ አልተቃወሙም። አሁን አልጋ ሥር ተኛ፣ ቀሚሳቸውንም ላሰ። እርስዎ «ለሶላት በቆምን ቁጥር ልብስ ካልቀየርኩ እያለች ታዘገየናለች» ይላሉ። በሻፊዒ መዝሀብ (ከእስልምና የሕግ መንገዶች አንዱ ነው) የውሻ ምራቅ የነካው ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ እንደሚታጠብ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። በ5 ሊትር ውኃ እንዴት ይሆናል? «ውሻውን አውጣልኝ» ሲሉ እኔ የሰማሁት «ለእኔም ቦታ ስጠኝ» የሚል ነው። ልሳሳት እችላለሁ፤ መልሱ ያለው እሳቸው ጋር ነው። ደብዳቤው ውስጥ «አሳየኋት» የሚል አራት ቦታ አገኘሁ፤ «ጠየቅኳት» የሚል ግን አንድም የለም።

ስለዚህ «እንዴት ላሳምናት» የሚለውን ለጊዜው ይተዉት። ከቻሉ አንድ ቅዳሜ መንጃ ፈቃድ ያለው ዘመድ ይለምኑና አጋሮ ደርሳችሁ ተመለሱ፤ ደርሶ መልስ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባለቤትዎ ፈቅደው ከመጡ ጋቢና ይቀመጡ፤ ካልፈቀዱ ቤት ይረፉ። እርስዎ ከሁለቱ ልጆች ጋር ኋላ ይሁኑ፤ ቦቢ ግቢ ይቆይ። ስትመለሱ ምንም አያስረዱ፤ ልብስ ብቻ ይቀይሩ።

ልጅቷን ያስመለሳት የጎን አግዳሚው ሳይሆን አይቀርም። ጆሮ ውስጥ ያለው ሚዛን መታጠፉን ይነግራታል፤ ዓይኗ የሚያየው ግን የማይንቀሳቀስ ወለል ነው። ከ2 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች ላይ ይህ ይብሳል፤ ትንሹ ያላስመለሰው ለዚህ ይሆናል። ወደ ፊት የሚያይ፣ ቀበቶ ያለው ወንበር ይግጠሙላት፤ ለትንሹም የሕፃን መቀመጫ ያስፈልገዋል። መኪና እየሄደ አልጋ ላይ መተኛትም፣ እቅፍ ላይ መጓዝም አደጋ ነው። ቁርሷ ቀለል ይበል፤ ጊቤ ከመውረዳችሁ በፊት አሥር ደቂቃ ትውረድ። ውሻውን ከጉዞው በፊት ጥቂት ሰዓት አያብሉት፤ ኋላ ወለሉ ላይ በታሰረ ሳጥን ይሁን። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱም በየዓመቱ ይታደስ።

ሥነ ልቦናውን ትቼ አንድ ነገር ልናገር። «ወንጪ ሲበርድ የቡናውን ከሰል አስገብተን በር ዘጋን» ብለዋል። ሁለተኛ እንዳያደርጉት። ከከሰል የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ባይታይም፣ ባይሸትም የተኛን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። ጅማ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወንጪ አናቱ ከ3,000 ያልፋል፤ ብርዱ የታወቀ ነው። የሚያስፈልገው ብርድ ልብስ ነው።

ስለ ድብርት ከደብዳቤ ተነስቼ ስም አልለጥፍም። ከመኪናው ውጭ ባለው ኑሯቸውም እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ካጡ፣ የሚወዱት ነገር ሁሉ ከደበራቸው፣ ይህም ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ወይም ትንሹ ከተወለደ ጀምሮ የቆየ ከሆነ፣ ባለሙያ በአካል ሊያያቸው ይገባል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ጉዳዩ የሁለታችሁ ብቻ ከሆነም አብራችሁ አማካሪ ፊት ብትቀመጡ ይሻላል። ሽማግሌ ለመላክ አይቸኩሉ፤ ነገሩ በእሳቸው ላይ የተነሳ ክስ ይመስላል።

«ዘንድሮ አልሄድም» ካሉም ይቀበሏቸው። ትንሹ ጡት ጥሎ ሌሊት መተኛት እስኪጀምር ብዙ አልቀረም። እስከዚያ ታንኩን አፍስሰው ያድርቁት፣ የጋዙን ቫልቭ ይዝጉ፣ ባትሪውን በወር አንዴ ቻርጅ ያድርጉ። አግዳሚውን ለመፍታት ግን የእሳቸውን መልስ መጠበቅ አያስፈልግም።