ኮርስ ሳይክል ቤት ውስጥ ስለመገጣጠም ጠይቁኝ

ሰላም ነው? ሰርቪስ ቤቴን ጋራዥ ካደረግኩት ቆየሁ፣ ያረጀ የኮርስ ፍሬም አገኝና እቃ ከዚህም ከዚያም ለቅሜ አቆመዋለሁ። በውስጥ መስመር ጥያቄ ስለበዛብኝ እዚሁ ልመልስ ብዬ ነው።

ጥያቄ፦ ቸርኬና ካሴት (የኋላው የማርሽ ጥርሶች ስብስብ) ገዝቻለሁ፣ ፍሬም ግን ገና እየፈለግኩ ነው። ቀጥሎ ምን ልግዛ?

ወይ ወንድሜ፣ ልጁ ሳይወለድ ጫማ ገዛህለት። ሁሉንም የሚወስነው እኮ ፍሬሙ ነው። መጀመሪያ ካሊፐር (ሚሊ የሚለካ መለኪያ) ይዘህ የኋላ ቸርኬ የሚገባበትን ክፍተት ለካ፦ 130 ሚሊ ከሆነ የሪም ፍሬን (ቸርኬውን ከጎን የሚይዝ) ነው፣ 126 ከሆነ የድሮ ብረት ፍሬም ነው፣ 142 ከሆነ ደግሞ ዲስክ ፍሬን ነው አክስሉም ወፍራሙ ባለ 12 ሚሊ። 126ቱ ብረት ስለሆነ ከፈት ተደርጎ 130 ይገባበታል፣ አሉሚኒየምና ካርቦን ላይ ግን እንዳትሞክራት። የመቀመጫ ቱቦ ውፍረቱ ብዙ ጊዜ 27.2 ሚሊ ነው ግን 27.0ም 26.8ም አለ፣ በመዶሻ የሚያስገባ ሰው አይቻለሁ፣ ሲያወጣው ማልቀሱ አልቀረም።

ጥያቄ፦ ፔዳሉ የሚዞርበት መሃሉ ኩሽኔታ አልፈታ አለኝ፣ ዘይት ቀብቼ አሳድሬዋለሁ።

በየት በኩል ነው የምትፈታው? ኩሽኔታው የሚገባበት ቤት ስፋቱ 68 ሚሊ ከሆነ ብዙ ጊዜ የእንግሊዝ የብሎን ጥርስ ነው፣ የካቴናው በኩል ያለው ግልባጭ ስለሆነ በሰዓት አቅጣጫ ነው የሚፈታው። 70 ከሆነ የጣሊያን ነው፣ ሁለቱም በተለመደው አቅጣጫ ይፈታሉ። እኔ የመጀመሪያ ፍሬሜን ያበላሸሁት እዚህ ጋ ነው፣ ቁልፉ ላይ የውሃ ቱቦ ቀጥዬ ግማሽ ቀን ስታገል ለካ እያጠበቅኩት ነበር፣ ጥርሱ ተላጨና ፍሬሙ እስካሁን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያየኛል። ፔዳልም እንደዛው የግራው ግልባጭ ነው፣ ቁልፉን ወደ ላይ አቁመህ ወደ ኋላ ጎማ ከገፋኸው ሁለቱም ይፈታሉ።

ጥያቄ፦ ቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያ ኃይሉን የሚለካው) የግድ ነው ወይስ በእጅ ስሜት ይሆናል?

ለብረት በስሜት ይሆናል። ካርቦን ካለ ግን ተበድረህም ቢሆን አምጣ፣ መሪው ላይ ያሉት ትንንሾቹ ብሎኖች ብዙ ጊዜ 5 ኒውተን ሜትር ናቸው፣ ትንሽ ካለፈ ካርቦኑ ይሰነጠቃል ስንጥቁ ደግሞ ላይታይህ ይችላል። ካርቦን ላይ ግራሶ አይቀባም የራሱ ፔስት አለው። የአሉሚኒየም መቀመጫ ቱቦ ብረት ፍሬም ውስጥ ስትከት ግን ግራሶውን አትሰስት፣ ካለዛ ይጣበቅና አንድ አካል ይሆናሉ።

ጥያቄ፦ ባለ 10 ቸርኬዬ ላይ ባለ 11 ካሴት ይገባል? ሺማኖ ነው።

አብዛኛው አይገባም፣ የኮርስ 11 በ1.85 ሚሊ ይሰፋል። በተቃራኒው ባለ 11 ቸርኬ ላይ ባለ 10 ካሴት ግን ይሄዳል፣ ከኋላው ባለ 1.85 ሮንዴላ ታደርጋለህ።

ጥያቄ፦ የገዛሁት የማርሽ ጥርሱ ብዛት ፊቱ 53/39 ኋላው 11-25 ነው፣ እንጦጦን ልወጣው እችላለሁ?

ጉልበትህን ካልወደድከው ትችላለህ 😄 በቀላሉ ማርሽህ እንኳን ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው 1.56 ጊዜ ይዞራል። 50/34 ከ11-32 ጋር ብታደርገው ወደ 1.06 ይወርዳል፣ ያውም ከባህር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ለምንተነፍስ ሰዎች። ብቻ የኋላ ማርሽ ቀያሪውን እይ፣ የፊቱ ልዩነት 16 የኋላው 21 ሲደመር 37 ነው፣ ክንዱ አጭር የሆነው ቀያሪ አይችለውም መካከለኛውን ፈልግ። ካቴናውንም አዲስ ቁረጥ፦ ቀያሪው ውስጥ ሳታሳልፍ በፊቱ ትልቅ ማርሽና በኋላው ትልቅ ማርሽ ላይ ጠምጥምና ከሚገናኝበት ሁለት መገጣጠሚያ ጨምር።

ጥያቄ፦ ለታናሽ ወንድሜ ላሰራለት ነበር፣ መገጣጠም ይረክሳል አይደል?

አይረክስም እህቴ፣ ተገጣጥሞ ያለቀ ያገለገለ ብትገዢለት ይሻልሻል። ታዲያ አንተ ለምን ትገጣጥማለህ እንዳትይኝ፣ ባለቤቴም ጠይቃኝ እስካሁን አልመለስኩላትም።