ደብዳቤው እስኪመጣ

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ዘንድሮ የፖሊስ ደንብ ልብስ ለለበሳችሁና በሶሻል ወርክ ተመርቃችሁ ወረዳ ለተመደባችሁ ነው። እኔ ዕድሜዬን ጣቢያ የፈጀሁ ጡረተኛ ፖሊስ ነኝ።

አንድ ዓርብ ማታ ከመናኸሪያ አንዲት ልጅ አመጡልን። አሥር ዓመት ቢሆናት ነው። በሰው ቤት ስትሠራ የፈላ ውሃ እጇ ላይ ደፍተውባት ጠፍታ የወጣች ናት። ተረኛው ቃሏን ተቀበለ። መርማሪው እንደ አዲስ ጠየቃት። ማረፊያ እንዲፈልጉላት ወደሚመለከተው ቢሮ ስንደውል «ማህተም ያለው ሸኚ ደብዳቤ ይምጣ» ተባልን። ማህተሙን የያዘው ሰው ወጥቷል። ልጅቷ እስከ ሰኞ እኛው ጋ አግዳሚ ወንበር ላይ አደረች። ሰኞ ጠዋት ቢሮው ጠየቃት። ከሰዓት ሐኪም ቤት «ከመጀመሪያው ጀምሪልን» አሏት። የሹራቧን እጅጌ ስባ ቁስሏን ሸፈነችና ዝም አለች። ከዚያ ወዲያ ስለ ጉዳዩ ለማንም አልተናገረችም። ዛሬም ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ሥራ በጀመራችሁ ሳምንት ተፈላልጋችሁ ተዋወቁ። ስልክ ተለዋወጡ፣ ቡና ጠጡ። የማያውቁትን ሰው በሌሊት ቀስቅሶ «እባክህ ድረስልኝ» ማለት ከባድ ነው።

ፖሊሶች፣ ሕፃን ሲመጣባችሁ ዳቦና ሻይ ይቅደም። ዝርዝሩን ሶሻል ወርከሯ ባለችበት አንዴ ጠይቁ። «አሠራሩ አይፈቅድም» የሚል ካለ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 አሳዩት፤ የሕፃኑ ደህንነት ይቀድማል።

ሶሻል ወርከሮች፣ የተደፈረች ልጅ ስትመጣ አዝናችሁ ሐኪም ሳያያት ገላዋን አታጥቧት። ልብሷንም አትጠቡት፣ ማስረጃ ነው። በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ፤ ፌስታል ያሻግተዋል። ይህን እኛም የተማርነው ስንት መዝገብ ከተበላሸ በኋላ ነው።

ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ውስጥ የአንድ ማዕከል አገልግሎት የተጀመረውም ለዚሁ ነው። ሕክምናው፣ የፖሊስ ምርመራው፣ ዐቃቤ ሕጉና የሥነ ልቦና ድጋፉ አንድ ቦታ እንዲገኙ። ግን እንዲህ ያለ ማዕከል በየወረዳው የለም። እዚያ ያላችሁት እናንተ ናችሁ።

ከዓመታት በኋላ ሌላ ልጅ መጣች፣ እንደገና ዓርብ። ያኔ የአንዲት ሶሻል ወርከር ስልክ ኪሴ ውስጥ ነበር። በሌሊት ልብሷ ላይ ጋቢ ደርባ በኮንትራት ታክሲ መጣች። ጎን ለጎን ተቀምጠን ልጅቷን ሰማናት። ሌሊቱን መጠለያ ገብታ አልጋ ላይ ተኛች። ደብዳቤው ሰኞ ደረሰ።